ኮሶዬ ላይ መኪናችን ተሰብሮ የሳይክል የኋላ ጎማ ተወሰደ፤ ቸርኬ ራሴ ልሥራ ወይስ ይቅርብኝ?

የቀሃው ልጅ፦

ሰላም የጎንደር ሳይክለኞች። ባለፈው እሁድ ከወንድሜ ጋር ሁለቱን ሳይክል ፈታትተን ቪትዟ ውስጥ ጠቅጥቀን ኮሶዬ ወጣን። ከወለቃ ጀምሮ ያለውን ዳገት ከአይሱዙ ጭስ ጋር መታገል ስለሰለቸን እስከዚያ በመኪና ነው የምንሄደው፤ ላይ ከተደረሰ በኋላ ያለው ነፋስና መንገድ ግን ሌላ ነገር ነው፣ የወጣ ያውቀዋል። ወንድሜ ጉልበቴን አመመኝ ብሎ አልነዳም፣ ገደሉን ሊያይ በእግሩ ሄደ። የሱ ሳይክል መኪናው ውስጥ ቀረ። ቴላዮውንና የፊት ጎማውን ከወንበሩ እግር ጋር በሰንሰለት አስረናል፤ ሰንሰለቱ ለኋላው ጎማ አልደርስ ስላለ እሱ ለብቻው ተኝቶ ነበር።

ስንመለስ የኋላ በሩ መስታወት ረግፏል። ጎማው የለም፣ ክሪኩ የለም፣ ጃኬቴም የለም። የሚያስቀው ነገር፣ ክሩስኮቱ ውስጥ የነበረውን ሊብሬ አውጥተው ወንበር ላይ በሥርዓት አስቀምጠውልናል። ጨዋ ሌባ!

ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ እናንተ በዚያ በኩል ስትወጡ መኪና የት ነው የምትተዉት? ሁለተኛ፣ ሙሉ የኋላ ጎማ ስጠይቅ የጠሩልኝ ዋጋ ሳይክሉን ጭምር የሚሸጡልኝ ነው የመሰለኝ። ቤት ውስጥ ከድሮ ሳይክል የተረፈ ባለ 36 ቀዳዳ ሞዞ (የጎማው መሐል) አለኝ፣ ኩሽኔታው ደህና ነው። ባለ 26 ኢንች አዲስ ቸርኬም (ዙሪያውን ያለው ክብ ብረት) አግኝቻለሁ፣ እሱም 36 ነው። ራጂ፣ ማለት ሞዞውን ከቸርኬው የሚያያይዘውን ቀጭን ሽቦ፣ ከባሕር ዳር የሚልክልኝ ሰው አለ። ራሴ ልሥራው ወይስ ይቅርብኝ? እጄ ላይ ያለው የራጂ ቁልፍ፣ ካቻቪቴና ፒንሳ ብቻ ነው።

አባዱላ ነጂ፦

እንኳን እናንተን አልነኳችሁ። ስለ ራጂ የሚያውቁ ይምጡ፣ እኔ ስለ መኪናው ልንገርህ፣ ኑሮዬ እሱ ላይ ነውና።

መጀመሪያ ነገር፣ ሌባ መኪና አይሰብርም፣ ያየውን ነገር ነው የሚሰብረው። ባዶ መኪና ላይ መስታወት መስበር ለሱም ጣጣ ነው። ሰው ግን ምን ያደርጋል? ቦታው ላይ ይደርሳል፣ በሩን ይከፍታል፣ ቦርሳውን፣ ስልኩን፣ ጃኬቱን ከፊት ወንበር አንስቶ ወደ ኋላ ይደብቃል። ማዶ ዛፍ ሥር የተቀመጠው ሰውዬ ይህን ሁሉ በፀጥታ ያያል። መደበቅ ያለበት ነገር ካለ ከተማ ውስጥ ሳለህ ደብቀው፣ እዚያ ስትደርስ ቁልፍ ነቅለህ ብቻ ሂድ። ብርድ ልብስ ማልበስም አልወድም፤ ብርድ ልብሱ ራሱ "ከሥር ዕቃ አለ" ብሎ ይጣራል።

ኮሶዬ ላይ አስፋልት ዳር አትተዋት። ትንሽ ገባ በልና ሰው ያለበት ግቢ ጠይቅ። ልጆቹን "ተመልከቱልኝ" ብሎ መሄድ አይበቃም፤ ልጅ ኳስ ካየ መኪናህን ይረሳል፣ አይፈረድበትም። የቤቱን ባለቤት አግኝ፣ ሰላም በል፣ ስንት ሰዓት እንደምትመለስ ንገር፣ ገንዘቡን ቀድመህ ተነጋገርና ስትመለስ ስጥ። ገበሬ እንግዳ ንብረቱን አደራ ካለው አደራ አይበላም። ይህን ስል ደግሞ መንገዱን ሳትጠይቁ አትውጡ፣ በጊዜም ግቡ። ያለንበትን ጊዜ ሁላችን እናውቀዋለን።

ሌላው፣ ስትቆም የኋላ በሯን ከግድግዳ ወይ ከግንድ ጋር አጣብቃት፣ ጨርሶ እንዳትከፈት። በሪሞት ከቆለፍክ በኋላ ሂድና በእጅህ ሞክረው። ሪሞቱን መጫንህ ብቻ መቆለፏን አያሳይም፤ ምልክቱን የሚያጠፋ መሣሪያ ይዘው የሚቆሙ አሉ፣ በተለይ ገበያና ሠርግ አካባቢ።

ከተማ ውስጥ ደግሞ ወሬው ሁሉ ስፖኪዮ ነው። ታርጋ ቁጥርህን መስታወቱ ላይ አስቀርጽ። የተቀረጸ ስፖኪዮ ለመሸጥ አይመችም፣ ያልተቀረጸ ግን ዞሮ ዞሮ መልሰህ ራስህ ነህ የምትገዛው።

ኢንሹራንስም ላንሳ። ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ያንተን መስታወትም ሆነ የተሰረቀ ዕቃ አይመለከተውም፣ እሱ አንተ ሌላ ሰው ላይ ላደረስከው ጉዳት ነው። ሙሉ ኢንሹራንስ ካለህ ግን ጠርጎ ከመጣልህ በፊት ፎቶ አንሳ፣ ፖሊስ ጋ ሄደህ አስመዝግበህ ወረቀቱን ያዝ። ውስጥ የነበረው የግል ዕቃ መሸፈኑን ውልህ ላይ አንብብ፣ ብዙ ጊዜ ለብቻው ነው የሚታየው። የሳይክሉን ቁጥርም ጻፈው፤ ገልብጠህ ፔዳሉ የሚዞርበት ጉርድ ሥር ብታይ አብዛኛው ላይ ተመትቷል። ያለ ቁጥር "ሰማያዊ ሳይክል ጠፋብኝ" ብትል ማን ምን ይልሃል።

ገዝተህ ገላገል፦

ወንድሜ ጊዜህን አታቃጥል። ሙሉ ጎማ ግዛና እሁድህን ንዳበት። ቸርኬ መሥራት የሙያተኛ ነገር ነው። እኔ የማውቀው ልጅ ራሱ ሠርቶ እስከ ፋሲል መዋኛ ሳይደርስ ስምንት ቁጥር ሆኖበታል።

የድሮ ሞዞ፦

ገዝተህ ገላገል፣ አንተ ያልከው ልጅ የተሠራውን ጎማ ሳያጠብቀው ነው የወጣው፣ ሌላ ምክንያት የለውም። አራዳ ጥግ ሳይክል እየጠገንኩ ነው ያረጀሁት፤ ተገጥሞ ከሚመጣው ርካሽ ጎማ ውስጥ ስንቱን እንደገና እንዳጠበቅኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ፋብሪካው ቸኩሎ ያስርልሃል፣ ኮብልስቶኑ ቀስ ብሎ ይፈታልሃል።

የቀሃው ልጅ፣ ሥራው። ረጋ ያለ ሰው ከሆንክ ይወጣልሃል።

ቀዳዳው መመሳሰሉ ጥሩ ነው፣ 36 ከ36። ባለ 32 ቸርኬ ላይ ባለ 36 ሞዞ አስገባልሃለሁ የሚል ካጋጠመህ ሻይህን ጨርስና ተነሣ። ራጂ ደግሞ አዲስ ይሁን፣ ሁሉም ከአንድ ዓይነት። ከሌላ ጎማ የተነቀለ አሮጌ አታቀላቅል። ራጂ የሚበጠሰው ሸክም ከብዶት አይደለም፣ ደክሞት ነው። ጎማው በዞረ ቁጥር መሬት በኩል ያለው ራጂ ትንሽ ይላላል፣ ሲያልፍ ደግሞ ይወጠራል። 26 ኢንች ጎማ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ 480 ጊዜ ያህል ይዞራል። ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ እንግዲህ አባዛው፤ ወደ 48 ሺህ ጊዜ ላላ ጠበቅ፣ ላላ ጠበቅ። ከሞዞው አጠገብ በታጠፈችው አንገቱ በኩል የሚበጠሰው ለዚህ ነው። የላላ ራጂ ደግሞ ይብሳል፣ ምክንያቱም ጨርሶ እየላላ ነው የሚመለሰው። ሰዉ "እንዳይበጠስ ላላ አድርገህ እሰርልኝ" ይለኛል፣ ተገላቢጦሽ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በቀኝ፣ ማለት በካቴናው በኩል ጀምር። የሞዞው አንድ ክንፍ 18 ቀዳዳ አለው። አንድ እየዘለልክ 9 ራጂ ከውጭ ወደ ውስጥ አስገባ፣ ጭንቅላቱ ውጭ ይቅር። ቸርኬውን ልብ ብለህ ብታየው ቀዳዳዎቹ አንዱ ወደ ቀኝ አንዱ ወደ ግራ ትንሽ ያዘነብላሉ። ከመንፊያው ቀዳዳ ቀጥሎ ካለችው፣ ወደ ቀኝ ካዘነበለችው ጀምርና በየአራተኛው ቀዳዳ አስገባ። ዳዶዋን፣ ቸርኬው ላይ የራጂው ጥርስ የሚገባባትን፣ በጣት ሁለት ሦስት ዙር ብቻ ያዝ አድርጋት። ግራውንም እንዲሁ 9። ከዚያ ሞዞውን ጠምዘዝ ስታደርገው 18ቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ይተኛሉ።

የቀሩት 18 ከውስጥ ወደ ውጭ ወጥተው በተቃራኒ አቅጣጫ ይሄዳሉ። እያንዳንዱ በራሱ ጎን ያሉ ሦስት ራጂዎችን ያቋርጣል፤ ሁለቱን ከውጭ አልፎ ሦስተኛውን ከውስጥ ይሾልካል። ሦስተኛው ላይ ጎንበስ አድርገህ አሳልፈው፣ አትፍራ፣ አይሰበርም። ጨርሰህ ስታይ በመንፊያው ቀዳዳ ግራና ቀኝ ያሉት ራጂዎች ወደ ውጭ ተከፍተው መሄድ አለባቸው። እዚያ ላይ ከተጠጋጉ ፖምፓ አይገባልህም፤ ፍታና አንድ ቀዳዳ አሸጋሽግ።

አሁን ማጥበቅ። ሁሉንም ዳዶ የራጂው ጥርስ ጥርት አድርጎ እስኪደበቅ እኩል አስገባ። ከዚያ ከመንፊያው ቀዳዳ ተነሥተህ እያንዳንዱን ግማሽ ዙር፣ ዞረህ እስክትመለስ። አንዱን ብቻ ይዘህ ሙጭጭ አትበል። አቅጣጫውን ልብ በል፦ ዳዶዋን ከጎማው በኩል በካቻቪቴ ስታያት ወደ ቀኝ ስትዞር ትጠብቃለች፣ ቁልፍ ይዘህ ከሞዞው በኩል ስታያት ግን ተገላቢጦሽ ትመስላለች። ሊያጠብቅ ብሎ ሲያላላ የሚውል ብዙ ነው።

ቸርኬው ወደ ቀኝ የሚሄድበት ቦታ ካለ እዚያ ቦታ ላይ የግራውን ጠበቅ፣ የቀኙን ላላ። ወደ ውጭ አብጦ የሚዘል ከሆነ የሁለቱንም ጎን ጠበቅ። ዝላዩን ቀድመህ ጨርስ፣ ውልግድግዱ በኋላ ይስተካከላል። መጨረሻ አካባቢ ከሩብ ዙር በላይ አትሂድ። ራጂው ራሱ አብሮ ስለሚጠመዘዝ ትንሽ አሳልፈህ መልሰው፤ ያለዚያ ስትነዳ "ጠቅ ጠቅ" እያለ ይፈታል፣ ጎማውም ይወላገዳል።

ሲጨርሱ አብዛኛው ሰው የሚዘለውን ልንገርህ። ጓንት አድርግና ጎን ለጎን የሚሄዱትን ሁለት ሁለት ራጂ በመዳፍህ ጭብጥ አድርገህ ጨምቃቸው፣ ከልብህ። ጎማውን በሙሉ ዙር። አንገታቸው ሞዞው ላይ በደንብ ይቀመጣል። ከዚያ እንደገና አቃና። ይህን ካደረግክ ኮብልስቶን ላይ በገዛ እጁ አይፈታም።

ራጂ ትክክል መጥበቁን በጆሮ ነው የማውቀው። በጥፍርህ ምታው፣ ልክ ክራር ስትቃኝ እንደምታደርገው። በአንድ ጎን ያሉት ሁሉ አንድ ድምፅ ማውጣት አለባቸው። አንዱ "ዱም" ካለ ላላ ነው። የቀኙና የግራው ድምፅ ግን የተለያየ ነው፣ የኋላ ጎማ ላይ ማርሹ ቦታ ስለሚወስድ ቸርኬው ከሞዞው መሐል ወደ ቀኝ ይጠጋል፣ ቀኙ በጣም ይወጠራል፣ ግራው ላላ ይላል። እሱን እኩል አደርጋለሁ ብለህ አትድከም።

ዳዶው እንዳይፈታ የራጂውን ጥርስ ከማስገባትህ በፊት ተልባ ዘይት ንከረው። ሲያስሩት ያለሰልሳል፣ ሲደርቅ ደግሞ ያዝ ያደርጋል። የጥንት ሙያተኞች በሌላውም ዓለም ይህንኑ ነው የሚጠቀሙት።

ማራኪ ካምፓስ ፔዳል፦

ጋሼ የድሮ ሞዞ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ እኔም አስቀምጬዋለሁ። ማቃኛ ቋሚ ለሌለው ሰው ልጨምር፦ ሳይክሉን ገልብጡት፣ ጎማውን ቦታው ላይ ግጠሙት፣ የኬብል ማሰሪያ ፕላስቲክ ቴላዮው ላይ እሰሩና ጫፉን ቸርኬውን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ቁረጡት። ስታሽከረክሩ የት ጋ እንደሚነካ በጆሮም በዓይንም ይታያል። መሐል ላይ መሆኑን ለማወቅ ደግሞ ጎማውን አውጥታችሁ ገልብጣችሁ፣ ቀኙን ግራ አድርጋችሁ ግጠሙት። ፕላስቲኩ ሲነካበት የነበረው ርቀት ካልተለወጠ መሐል ላይ ነው። የዶርሜ ልጆች ይስቁብኛል ግን ይሠራል።

ድምፁን በስልክ ማየትም ይቻላል፣ ለጊታር መቃኛ የሚሆን አፕ ካላችሁ ራጂውን ስትመቱ ቁጥሩን ያሳያችኋል። ጆሮዬ እንደ ጋሼ ስላልሆነ እኔ በሱ ነው የምመካው።

ስለ መኪናው ግን አንድ ነገር ልበል። አባዱላ ነጂ ያለው ልክ ነው፣ የገበሬው ግቢ የሚለው ግን ቀድሞ ለሚተዋወቅ ይቀላል። ሴት ሆነሽ ብቻሽን ሰው ግቢ ገብቶ "መኪና ላቁም" ማለት ሌላ ወሬ ነው። እኛ በቡድን ስንወጣ አንድ ሰው ተራ ገብቶ መኪናው ጋ ይቀራል፣ ቡና ያፈላል፣ ከዚያ ይቀያየራል። የማይነዳ ሳይክል ደግሞ ቤት ይቅር። ደግሞስ የቀሃው ልጅ፣ ከወለቃ በላይ ያለው ዳገት ምን አደረገህ? ማልደህ ብትወጣ አይሱዙም አይኖርም!

ጋሼ አንድ ጥያቄ፣ ረጅም ራጂ ቆርጠው ጥርስ የሚያወጡለት አሉ፣ ይሆናል?

የድሮ ሞዞ፦

ልጄ፣ የቸገረው ያደርገዋል፣ እኔም በችግር ጊዜ አድርጌዋለሁ። ፋብሪካው ግን የራጂን ጥርስ ቆርጦ አያወጣም፣ በግፊት ጨምቆ ነው የሚያወጣው፣ ለዚህ ነው የሚጠነክረው። በተራ መቁረጫ የወጣ ጥርስ ከሥሩ ቶሎ ይበጠሳል። ለፊት ጎማ ይሁን፣ ለኋላ አይሁን። የሞተር ሳይክል ራጂ አምጥቶ ሊያስገባ የሚሞክርም አይጠፋም፣ እሱ ወፍራም ነው፣ ተዉት።

ገዝተህ ገላገል፦

እሺ እሺ፣ ተሸንፌያለሁ። የኔንም ማን ያቃናልኛል?

የቀሃው ልጅ፦

አሁን ገባኝ። ጋሼ፣ ባሕር ዳር ያለው ልጅ "ስንት ሚሊ ሜትር ልግዛ?" ብሎ አፋጦኛል። የለካሁትን እነሆ። ሁለት አሮጌ ራጂ ትይዩ ቀዳዳ ላይ አስገብቼ ወጥሬ ስለካ፣ ከዳዶ ጫፍ እስከ ዳዶ ጫፍ 540 ሚሊ ሜትር ሆነ። የሞዞው ክንፍ ከቀዳዳ መሐል እስከ ትይዩው ቀዳዳ መሐል 45 ነው፣ ሁለቱም ጎን እኩል ነው። ቸርኬው ከሚያርፍበት መስመር እስከ ቀኙ ክንፍ 20፣ እስከ ግራው 35። ራጂው ባለ 2 ሚሊ ሜትር ነው። ከየት እስከ የት ነው ራሱ ራጂ የሚለካው?

መኪናዋን በተመለከተ መስታወቱ ተገጥሟል። ስፖኪዮውንም በዚያው አስቀርጬዋለሁ። ማራኪ፣ ዳገቱን በተመለከተ መልስ የለኝም።

የድሮ ሞዞ፦

ጎበዝ፣ በደንብ ለክተሃል። ራጂ የሚለካው ከታጠፈው አንገት ውስጠኛ ጎን እስከ ጥርሱ ጫፍ ነው፣ ጭንቅላቱ አይቆጠርም። ባሕር ዳር ያለው ልጅ ይህን ይወቅ፤ ከጭንቅላቱ ጀምሮ ከለካ ሙሉው ሥራ ይበላሻል።

ባንተ ልክ ለባለ ሦስት መሻገሪያ አሠራር ቀኙ 259፣ ግራው 261 ይመጣል። 18 ከዚህ፣ 18 ከዚያ። ለመጠባበቂያም ሁለት ሁለት ጨምር፣ ለብቻው ሲፈለግ አይገኝም። ሁለቱን በየጎናቸው ለይተህ አስቀምጥ፣ ሁለት ሚሊ ሜትር በዓይን አትለያትም፣ ተደባልቃ ገብታ ሦስት ሰዓት ሥራህን ታስፈታሃለች።

259 ካጣ ለቀኙ 258 ይግዛ እንጂ 261 አይግዛ። ቸርኬህ ባለ አንድ ንጣፍ ከሆነ ትርፏ ጫፍ ወጥታ የውስጡን ጎማ ትበሳለች። በጣም አጭርም አይሁን፣ ጥርሱ ዳዶውን ካልሞላው የዳዶዋ ጭንቅላት ትቆረጣለች። የቸርኬውን ውስጥ የሚሸፍነውን ጥብጣብም አትርሳ፣ ከሌለህ ወፍራም የጨርቅ ፕላስተር ሁለት ዙር ይበቃል።

ማራኪ ካምፓስ ፔዳል፦

ጋሼ፣ ተልባ ዘይት ከየት አምጥቼ? ቤት ያለው ኑግ ነው። ኑግ አይሆንም?

የድሮ ሞዞ፦

ኑግም ይደርቃል፣ ግን እንደ ተልባ ቶሎ አይደርቅም። ራጂውን ነክረሽ በጨርቅ ጥረጊና እሰሪው፣ ከዚያ ጎማውን አንድ ሳምንት ሳትነጂው አስቀምጪ። ግራሶ ብቻ እንዳትቀቢ። እሱ ጨርሶ አይደርቅም፣ የግራው ጎን ዳዶ ኮብልስቶን ላይ እየተፈታ ይወርድልሻል።